የመመለሻቸው ወረቀት ቀድሞ ነበር የተፈረመው

ጥያቄ፦ «የታሪክ ተማሪ ነኝ። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሴቶችን ከቤት አውጥተው ፋብሪካ አስገቧቸው ተብለን ተማርን። ክንዷን አጥፋ ጡንቻዋን የምታሳየውን አሜሪካዊት ሠራተኛ ፖስተርም አየን። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ተመልሰው ቤት ገቡ ይባላል። ያን ያህል ሠርተው፣ ያን ያህል ችለው፣ ለምን ተመለሱ? ወደው ነው ተገደው? የመምረጥ መብት ያገኙትስ በዚሁ ሥራቸው ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ በሠራተኞች ታሪክ ላይ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። አንቺ ግን «ያን ያህል ችለው» ብለሽ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኝ ሰፋ አድርጌ እመልስልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። አብዛኞቹ የመጡት ከቤት ሳይሆን ከሌላ ሥራ ነው። ሲያልቅም አብዛኞቹ ከያዙት ሥራ እንዲነሱ ተደረጉ እንጂ ዝም ብለው ቤታቸው አልገቡም። የሚነሱበት ወረቀት ደግሞ ገና ሥራውን ሳይጀምሩ ተፈርሞ ነበር።

ከፖስተሩ እንጀምር። በ1943 ጄ. ሃዋርድ ሚለር የተባለ ሠዓሊ ለዌስቲንግሃውስ ኩባንያ የሠራው ነው። የተለጠፈው በኩባንያው ፋብሪካዎች ውስጥ፣ በፌብሩዋሪ ወር፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ወርዶ ሌላ ተለጠፈ። ያዩት እዚያው ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ቤቷ ያለች ሴት መንገድ ላይ አይታው «እኔም ልግባ» ያለችበት ማስታወቂያ አልነበረም። ዓለም ያወቀው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው። ፖስተሩ ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን እሱን ብቻ ስናይ አንድ ጥያቄ ያመልጠናል። ይህቺ ሴት ትናንት የት ነበር የምትሠራው?

የእንግሊዝን ቁጥር ተመልከቺ። በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር 6 ሚሊዮን ገደማ ሴቶች ደሞዝተኛ ነበሩ። በ1918 ቁጥሩ 7.3 ሚሊዮን አካባቢ ደረሰ። ጭማሪው ትልቅ ነው፣ አልክድም። ግን ከ7 ሚሊዮኑ 6 ሚሊዮን የሚሆነው ከጦርነቱ በፊትም የነበረ ቁጥር ነው። አብዛኛው በቤት ሠራተኝነት፣ በጨርቃ ጨርቅና በልብስ ስፌት ላይ ነበር። በነዚያ 4 ዓመታት የቤት ሠራተኞች ቁጥር በ400 ሺህ ገደማ ቀነሰ። እነዚህ ልጆች የት ሄዱ? ጥይት ፋብሪካ፣ ትራም ላይ፣ ቢሮ። ሰው ቤት ሰገነት ላይ እያደረች፣ ደወል በተደወለ ቁጥር ስትሮጥ የኖረች ልጅ ፈረቃዋ ሲያልቅ ጊዜው የራሷ የሆነበት ሥራ አገኘች። ይህን ያዢልኝ፣ ወደ መጨረሻው ያስፈልገናል።

በአሜሪካም በሁለተኛው ጦርነት ሥራ ላይ ያሉ ሴቶች ከ12 ሚሊዮን ገደማ ወደ 19 ሚሊዮን ገደማ አደጉ። ጥቁር ሴቶች ዘንድ ለውጡ ከሁሉም ይለያል። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ቤት ሲያጸዱ የኖሩ ናቸው። ጦርነቱ ለነሱ የከፈተው የሥራን በር አይደለም። ከሰው ጓዳ መውጫውን በር ነው።

ደግሞ መጀመሪያ የተጠሩት ለፋብሪካ እንኳ አልነበረም። በኦገስት 1914 የፈረንሳይ ወንዶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲዘምቱ አዝመራው ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሬኔ ቪቪያኒ ያንኑ ወር ለገበሬ ሴቶች ጥሪ አወጣ። አዝመራውን ሰብስቡ፣ መጪውንም ዝሩ ነው የጥሪው ፍሬ ነገር። በዚያ ጦርነት የፈረንሳይን ምድር ያረሱትና ያጨዱት ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ናቸው። ፎቶ ያነሳቸው ግን ጥቂት ነው። የገበሬ ሚስት ስታርስ ማንም «አዲስ ነገር» ብሎ አይጽፍም። የደጀኑ ሥራ ትልቁ ክፍል ግን እሱ ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ።

በ1915 እንግሊዝ የመድፍ ጥይት አነሳት። ፋብሪካው በቂ ሰው አልነበረውም፤ የብረታ ብረት ባለሙያው ዘምቷል። መፍትሔው እንዲህ ነበር። አንድ የቶርኖ ባለሙያ ዓመታት ተምሮ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻውን የሚሠራውን ሥራ ከፋፍሉት። አንዷ ትቁረጥ፣ ሌላዋ ትብሳ፣ ሦስተኛዋ ትለካ። እያንዳንዱ ቁራጭ በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። የሠራተኛ ማኅበራቱ ግን ፈሩ። ባለሙያው ከግንባር ሲመለስ ሥራው በርካሽ ጉልበት ተይዞ ቢያገኘውስ? ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ለአሠሪው ርካሽ ጉልበት ምን ጊዜም ይጥማል።

ስለዚህ በማርች 1915 በገንዘብ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። በጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ሎይድ ጆርጅ ከማኅበራቱ ጋር ተስማማ። ማኅበራቱ የድሮውን ደንባቸውን ለጦርነቱ ጊዜ ያላሉታል። መንግሥት ደግሞ ጦርነቱ ሲያልቅ ሁሉንም ወደነበረበት እመልሳለሁ አለ። ትልቁ የመሐንዲሶችና የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር በዚያን ጊዜ ሴት አባል አልነበረውም። ሴቶችን የተቀበለው በ1943 ነው። እንግዲህ ስለነሱ ሥራ የተፈረመው እነሱ አባል መሆን በማይችሉበት ማኅበር ነው። ብዙዎቹ የፋብሪካውን ደጅ እንኳ ገና አልረገጡም ነበር።

«ለምን ተመለሱ» ስትዪ እኔ መጀመሪያ የማስበው ይህን ወረቀት ነው።

የሥራ መከፋፈሉ ሌላም መዘዝ ነበረው። «ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ» ሲባል አሠሪው «የሠራችው እኩል ሥራ አይደለም» ይላል። እውነትም ባለሙያው ይሠራው የነበረውን ሙሉ ሥራ አልያዘችም፤ ተቆርሶ የተሰጣትን ነው የያዘችው። የቆረሰው ማን እንደሆነ ግን አይነሳም። ስለ ጦርነት ጊዜ ደሞዝ የምታነቢው ክርክር አብዛኛው፣ በሁለቱም ጦርነቶች፣ እዚህች ነጥብ ላይ ይዞራል።

ሥራው ራሱ ምን ይመስል እንደነበር በአንድ ቦታ ላሳይሽ። ሊድስ ከተማ አጠገብ ባርንባው የሚባል የጥይት መሙያ ፋብሪካ ነበር። ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው ሠራተኛ ሴት ነው። ቀንና ሌሊት በ3 ፈረቃ ይሠራል። ባዶ የመድፍ ጥይት ቀፎ ይመጣል፣ ፈንጂ ይሞላል፣ አፉ ላይ ፊውዝ፣ ማለት የሚያቀጣጥለው ክፍል፣ ይገባል፣ ከዚያ በማሽን ይጠብቃል። ልጅቷ ወደ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት የራሷን ልብስ አውልቃ የፋብሪካውን ትለብሳለች። ክብሪትና ሲጋራ ክልክል ነው። የፀጉር ማስያዣ ሽቦ እንኳ አይገባም። ብረት ከብረት ተጋጭቶ ብልጭ ቢል ሁሉም ያልቃል።

ፈንጂው ቲኤንቲ ነው። ቲኤንቲ በቆዳና በትንፋሽ ይገባል። እጃቸውና ፊታቸው ቢጫ ይሆናል፤ ከፊት ለፊት የሚወጣው ፀጉራቸው ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል። ሰው ካናሪ ይላቸው ነበር፣ በቢጫዋ ወፍ ስም። ቢጫው ከላይ የሚታየው ነው። የከፋው ጉበት ላይ ነበር። በእንግሊዝ ፋብሪካዎች በዚህ መርዝ ጉበታቸው የተጎዳ 400 ያህል ሰዎች ተመዝግበው ከነሱም ሩብ ያህሉ ሞተዋል። ወተት መርዙን ያበርዳል ተብሎ ስለታመነ ባርንባው የራሱን 120 ላሞች ያረባ ነበር። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ቆም አልኩ። ጥይት ፋብሪካ ውስጥ የላም በረት። ችግሩን ያውቁት ነበር ማለት ነው፤ ያገኙለት መልስ ወተት ነበር።

ዲሴምበር 5 ቀን 1916 የሌሊቱ ፈረቃ ገባ። ክፍል 42 ውስጥ 170 ያህል ሴቶች ሥራ ጀመሩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ፊውዝ በሚጠብቅበት ቦታ አንድ ጥይት ፈነዳ። 35 ሴቶች ሞቱ። አንዳንዶቹን መለየት የተቻለው አንገታቸው ላይ ባሰሩት ቁጥር ያለው መታወቂያ ብቻ ነው። ብዙዎች ቆሰሉ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ግን ሌሎች ሴቶች በፈቃዳቸው እዚያው ክፍል ገብተው ሥራውን ቀጠሉ። ጋዜጣ አልጻፈውም፣ ሳንሱር ነበር። በሟቾች ማስታወቂያ ላይ የወጣው «በአደጋ ሞተች» የሚል ብቻ ነው። ዝርዝሩ በይፋ የተነገረው ጦርነቱ ካለቀ 6 ዓመት ቆይቶ፣ በ1924 ነው።

«ችለው ነበር» ስትዪ አዎ የምልሽ ይህን ይዤ ነው።

ዝም ብለው የተቀበሉትም አይምሰልሽ። በኦገስት 1918 ለለንደን አውቶቡስና ትራም ወንድ ሠራተኞች የጦርነት ጊዜ ጭማሪ ተሰጠ፣ በሳምንት 5 ሺሊንግ። አጠገባቸው ቲኬት ለሚቆርጡት ሴቶች ግን ተከለከለ። ሴቶቹ ሥራ አቆሙ። አድማው ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ፤ ጭማሪውንም አገኙ። ጭማሪ ነው እንግዲህ፣ መነሻ ደሞዙ እኩል አልሆነም። በዓመቱ መንግሥት ስለ ሴቶች ክፍያ ያጠናውን ዘገባ አወጣ። ከአጥኚዎቹ አንዷ ቢያትሪስ ዌብ በብዙኃኑ ሐሳብ ስላልተስማማች የራሷን የተለየ ዘገባ ጻፈች። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ከፈለግሽ ከዚያ የተሻለ ማግኘትሽን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ ሰላም መጣ። በኖቬምበር 1918 የጥይት ትዕዛዝ ቆመ። ፋብሪካዎቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሴቶቹን በመቶ ሺዎች አሰናበቱ። በ1919 የ1915ቱ ቃል ሕግ ሆኖ ወጣ። አሠሪው የድሮውን ደንብ ካልመለሰ ይቀጣል። ሥራ ያጡት ሴቶች ለጥቂት ጊዜ ድጎማ ነበራቸው። ግን የቤት ሠራተኝነት ቀርቦላት እምቢ ያለች ድጎማው ይቋረጥባት ነበር። ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽ ይህ ነው። «ወደ ቤት ተመለሱ» ይባላል። የማን ቤት? ለብዙዎቹ የሰው ቤት ነው፣ ማዕድ ቤት ገብቶ ለማገልገል። ጋዜጦቹ ደግሞ ያንን ሥራ እምቢ ያሉትን ሰነፍ አሏቸው። ትናንት ጀግና ያሏቸውን ልጆች። ይህን ሳነብ ዛሬም ያበሳጨኛል። በ1921 ሕዝብ ሲቆጠር ከሴቶች ውስጥ ደሞዝ ያላቸው ድርሻ ከ1911ም ትንሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ ብዙው ነገር ተደገመ፣ በሰፋ መልኩ። እንግሊዝ በዲሴምበር 1941 ባወጣችው ሕግ ከ20 እስከ 30 ዓመት ያሉ ያላገቡ ሴቶችን በግዴታ ጠራች። ወታደራዊ አገልግሎት፣ ፋብሪካ ወይም እርሻ ነበር ምርጫው። አሜሪካ ግዴታ አላወጣችም፤ ግን በ1940 ያወጣችው የምልመላ ሕግ የዘመተው ሰው ሲመለስ የድሮ ሥራው ይጠብቀዋል ይላል። እዚህም ወረቀቱ ቀድሞ ተፈርሟል።

ክፍያውም እንደዚያው። በእንግሊዝ በቦምብ የተጎዳ ሲቪል ካሳ ያገኝ ነበር። የሴቷ ካሳ ከወንዱ ያንሳል። አንድ ቤት ላይ አንድ ቦምብ ወድቆ እግር ቢቆረጥ የሷ እግር ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። እኩል የሆነው ከብዙ ትግል በኋላ፣ በ1943 ነው። በማርች 1944 ደግሞ ፓርላማው ለሴት መምህራን እኩል ደሞዝ በ117 ለ116 ድምፅ አጸደቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል ጉዳዩን የመንግሥቱ መታመኛ አደረገው። ወይ ውሳኔውን ሻሩ፣ ወይ እኔ እለቃለሁ። ጦርነት መሀል መንግሥት እንዲወድቅ ማን ይፈልጋል? በሁለት ቀን ውስጥ ተሻረ።

እስካሁን ያወራሁልሽ ደሞዝ ስላለው ሥራ ነው። ደሞዝ የሌለው ሥራስ? መጽሐፎቹ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ሁለት አንቀጽ ጽፈው ያልፋሉ። እኔ ግን ዋናው ነገር ይመስለኛል።

ጦርነት ሲመጣ የቤት ሥራ አይቀንስም፣ ይበዛል። ሳሙና ሲጠፋ ማጠብ ይከብዳል። ጨርቅ ሲጠፋ አሮጌው ይፈታል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይሰፋል። ምግብ በራሽን ሲሆን መግዛት ራሱ ሥራ ይሆናል። እንግሊዝ ውስጥ ራሽን የጀመረው በጃንዋሪ 1940 ነው። ደንበኛ አንድ ባለሱቅ ዘንድ ይመዘገባል። ኩፖን ይቆረጣል። ከዚያ ወረፋ። አሁን አንዲት የብየዳ ሠራተኛ አስቢ። በሳምንት 55 እና 60 ሰዓት ፋብሪካ ናት። እሷ ስትወጣ ሱቁ ይዘጋል። ስትደርስ ያለው አልቋል። ስለዚህ አንድ ቀን ትቀራለች። አለቃው መዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብሎ ይጽፋል። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይቀራሉ ተብሎ ብዙ ተወቅሰዋል። የቀሩት ግን ወረፋ ቆመው ነው፣ ወይም ልጅ ታሞባቸው። የሰነፍ መቅረት አልነበረም፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሥራ መሄድ ነው።

መንግሥታት ይህን የተረዱት ምርት ሲጓደልባቸው ነው። እንግሊዝ የፋብሪካ ካፍቴሪያዎችን አስፋፋች፣ ከ2,000 በላይ ርካሽ የሕዝብ ምግብ ቤቶች ከፈተች፣ በ1944 ከ1,500 በላይ የሕፃናት ማቆያ ነበራት። ከሁሉ የምወደው ምሳሌ ግን አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ፣ ፖርትላንድ ያለው ነው። የካይዘር ኩባንያ መርከብ በሚሠራባቸው ሁለት ቦታዎች በር ላይ በ1943 የልጆች ማቆያ ከፈተ። ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፣ እናት በየትኛውም ፈረቃ ብትሆን። ማታ ልጇን ስትወስድ የበሰለ እራትም ገዝታ መሄድ ትችላለች። እስቲ ገምቺው። 8 ሰዓት ስትበይድ ውላ፣ አንድ እጇ ልጇን ይዞ በሌላው ትኩስ እራት። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቤቷ ስትደርስ ምን እንደሚጠብቃት አስቦ ነበር ማለት ነው። ማቆያዎቹ ከጦርነቱ ጋር አብረው በ1945 ተዘጉ። የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ያደርግላቸው የነበሩት ማቆያዎችም በ1946 መጀመሪያ ድጋፉ ቆመባቸው። እናትን ከሥራ ለማስወጣት የግድ የስንብት ደብዳቤ አያስፈልግም። ማቆያውን ዝጊው፣ ይበቃል።

የቤት ሥራ ሥራ ተብሎ አለመቆጠሩ ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ግን ሌኒንግራድን ተመልከቺ። የሶቪየት ኅብረት ከተማ ናት፤ በጀርመን ጦር ተከባለች። ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 25 ቀን 1941 የዳቦ ራሽኑ ከሁሉ ጊዜ ያነሰ ነበር። ለፋብሪካ ሠራተኛ በቀን 250 ግራም። ለቢሮ ሠራተኛ፣ ለልጆችና «ጥገኛ» ለተባሉት 125 ግራም። ጥገኛ ማን ነው? ደሞዝ የሌለው አዋቂ። የቤት እመቤት እዚህ ውስጥ ናት። 125 ግራም እጅሽ መዳፍ ላይ የምታልቅ ቁራሽ ናት፤ ዳቦው ራሱ ንጹህ ዱቄት አልነበረም።

እንግዲህ ይህቺ ጥገኛ የተባለች ሴት ቀኗ እንዴት ይውላል? ሳይነጋ ተነስታ በዚያ ብርድ የዳቦ ወረፋ ትቆማለች። የቧንቧ ውኃ ቀዝቅዞ ቆሟል። ስለዚህ ባልዲ ይዛ ወንዝ ወርዳ፣ በረዶው ከተቦረቦረበት ቀድታ፣ በልጅ መንሸራተቻ ጎትታ ደረጃ ላይ ታወጣለች። ማገዶ ትፈልጋለች፤ ከጠፋ የቤት ዕቃ ትፈልጣለች። የታመመ ታስታምማለች። የሞተ ካለ በዚያው መንሸራተቻ ትወስዳለች። የቤተሰቡ ነፍስ በሷ እጅ ነው። ካርዷ ላይ ግን ጥገኛ ተብላ ተጽፋለች፤ የምትበላውም በዚያው ቃል ተመዝኖ ነው። ሥራ አለመቆጠር በግራም ሲለካ እንዲህ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ በረዶው ስር የተከማቸው ቆሻሻና ሬሳ ወረርሽኝ ሊያስነሳ ሆነ። ከማርች 27 እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 1942 ከተማው ለጽዳት ወጣ። 300 ሺህ ያህል ሰው፣ አብዛኛው ሴት፣ እግሩ አብጦ፣ ጉልበቱ አልቆ፣ በአካፋና በዶማ። አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ ቆሻሻ አነሱ። የተፈራው ወረርሽኝም አልተነሳም።

ወረፋ ላይ ሴቶችን ማቆም ለመንግሥታትም አደገኛ ነው፣ በቅንፍ ልበል። ማርች 8 ቀን 1917 በዚችው ከተማ፣ ያኔ ፔትሮግራድ በምትባለው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች «ዳቦ» ብለው አድማ ወጡ። በሳምንቱ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዙፋኑን ለቀቀ።

ሶቪየት ኅብረትን ያነሳሁት ለሌላም ምክንያት ነው። «ወደው ነው ተገደው» ላልሽው ፈተናው እዚያ አለ። በ1940 ከሠራተኛው 39 ከመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። በ1945 56 ከመቶ ገደማ ሆኑ። በፌብሩዋሪ 1942 የወጣው አዋጅ ከ16 እስከ 45 ዓመት ያሉትን የከተማ ሴቶች ለሥራ ጠራ። ገጠር ትራክተሩና ፈረሱ ለጦር ተወስዶ ሴቶች ራሳቸው ማረሻ የጎተቱበት ቦታ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅስ? ብዙዎቹ አልተመለሱም። 27 ሚሊዮን ገደማ ሰው ሞቷል። ወንበሩን «የኔ ነው» ብሎ የሚመጣ በቂ ወንድ አልነበረም። ስለዚህ «ሴት ቦታዋ ቤት ነው» የሚለው ዘመቻ እንደ አሜሪካ አልተጧጧፈም። ፋብሪካውንም ማዕድ ቤቱንም አንድ ላይ ተሸክማ ቀጠለች። ልዩነቱ የሴቶቹ ፍላጎት አይደለም። ሥራውን የሚጠይቅ ወንድ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፍላጎታቸው ተጠይቋል። የመንግሥት የሴቶች ቢሮ በ1944 እና በ1945 በ10 አካባቢዎች ሴት ሠራተኞችን ሲጠይቅ 75 ከመቶ ያህሉ ከጦርነቱም በኋላ መሥራት እንፈልጋለን አሉ። ወደው የተመለሱም ነበሩ፣ እነሱን መካድ አልፈልግም። እንግሊዝ ውስጥ ስድስት ዓመት ከፋብሪካ ወደ ወረፋ፣ ከወረፋ ወደ ምድጃ የሮጠች ሴት «ይብቃኝ» ብትል ማን ይፈርድባታል? ባሏን አምስት ዓመት ያላየች አለች። ልጅ ሳትወልድ ሠላሳን ያለፈች አለች። ግን ድካም አንድ ነገር ነው፣ መባረር ሌላ። ሁለቱን በአንድ ቃል «ተመለሱ» ስንላቸው የተባረረችው ትጠፋለች። ቤት የገባችውም ብትሆን ሥራ አልፈታችም። እንግሊዝ ውስጥ ራሽን ያበቃው በጁላይ 1954 ነው። ጦርነቱ ካለቀ 9 ዓመት ሙሉ እሷ አሁንም ኩፖን ይዛ ወረፋ ላይ ነበረች።

ለጽሑፍሽ አንድ ምክር አለኝ። አንዲትን ሴት ስታነሺ ከጦርነቱ አንድ ዓመት በፊት ምን ትሠራ እንደነበር ፈልጊ፣ ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላም እንዲሁ። ልጆቿን ማን ይይዝላት እንደነበርም ጠይቂ። ብዙ ጊዜ አያት ወይም ጎረቤት ናት። ያቺም ሴት በየትኛውም መዝገብ የለችም።

የመምረጥ መብቱ ቀረ። «ለሥራቸው የተሰጠ ሽልማት ነው» የሚባለውን ተጠንቀቂው። ኒውዚላንድ ለሴቶች የሰጠችው በ1893፣ ፊንላንድ በ1906 ነው፤ ጦርነት አላስፈለጋቸውም። ፈረንሳይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ጥይት ሠርተውላት፣ ምድሯንም አርሰውላት፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ1922 ጥያቄውን ጣለው። ያገኙት በ1944 ነው። እንግሊዝ በፌብሩዋሪ 1918 ሰጠች፣ ከሷ በፊት ግን የአሥርተ ዓመታት ትግል ነበር። የሰጠችውም ዕድሜያቸው 30 ለሞላ፣ እነሱ ወይም ባላቸው በስማቸው፣ በኪራይም ቢሆን፣ ቤት ወይም ንብረት ለያዙ ሴቶች ነው። ወንዱ 21 ከሞላው በቂ ነበር። ጥይት ፋብሪካ የነበሩት ደግሞ በብዛት ወጣቶች፣ በሰው ቤት በደባልነት የሚኖሩ ወይም ከወላጆቻቸው ጋር ያሉ ልጆች ናቸው። ዕድሜው እኩል የሆነው በ1928 ነው። በ1918 በ20 ዓመቷ እጇ ቢጫ ሆኖ ፈንጂ ስትሞላ የነበረች ልጅ በጠቅላላ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠችው በሜይ 1929 ነው። 31 ዓመቷ ነበር።